ልብ አንጠልጣይና አስፈሪ ልቦለድ ለወጣቶች ይገዛ ወይስ ይቅር?

መነሻ፦ ደብረ ብርሃን ውስጥ ለወጣቶች ማንበቢያ መጻሕፍት ሊገዙ ነው። ዝርዝሩ ላይ ልብ አንጠልጣይ የወንጀል ልቦለዶችና ሆረር የሚባሉት አስፈሪ ልቦለዶች አሉ። ይገዙ ወይስ ይቅሩ?

እናት ከጠባሴ፦ ይቅሩ። የ14 ዓመት ልጅ አለኝ። አንድ የሆረር መጽሐፍ ከጓደኛው ተውሶ አነበበ። ይኸው መብራት አታጥፉ እያለ እንቅልፍ ነስቶናል። ደምና ሙት መንፈስ ምን ያስተምረዋል?

የባሶ ልጅ፦ እትዬ፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል። ግን እኛም ምድጃ ዳር የጭራቅ ተረት እየሰማን ነው ያደግነው፤ ውጭ ደግሞ እውነተኛው ጅብ ይጮኻል። ያም ሆኖ በማግስቱ አያታችንን ድገሚልን እንላት ነበር።

እኔ ሆረርን የምመዝነው በጭራቁ አይደለም፤ ሰውየውን ቀድሞ ካሳወቀኝ ነው። የስቲቨን ኪንግን «ዘ ሻይኒንግ» እንውሰድ፤ በ1977 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። አባት፣ እናትና ትንሽ ልጅ በረዶ የዘጋውን የተራራ ሆቴል ክረምቱን ሙሉ ሊጠብቁ ይገባሉ። ሆቴሉ መናፍስት አሉበት። እኔን ያንቀጠቀጠኝ ግን አባትየው ነው። ድሮ ጠጥቶ የገዛ ልጁን እጅ ሰብሯል። አሁን መጠጥ ትቷል፤ ልጁንም ይወዳል። እናትየው ግን ልቧ አላረፈም። እንዲህ ያለ ቤት የማያውቅ ሰፈር የት አለ? አረቄ ያፈረሰውን ትዳር ሁላችንም እናውቃለን። መናፍስቱን አውጥታችሁ ብታነቡትም ያስፈራል።

በየምዕራፉ ሬሳ የሚደረድሩትን ግን አልወድም። ሟቹ ማን እንደሆነ ሳናውቀው ይሞታል። እነሱ ቢቀሩ አይቆጨኝም።

አንባቢ ከሸዋ ሮቢት፦ ልብ አንጠልጣዩስ? ገዳዩ ከታወቀ በኋላ ማን ይመለስበታል? ለአንድ ጊዜ ንባብ ያን ያህል ብር ማውጣት አይከብድም?

መምህር ከደብረ ሲና፦ እኔ ተመልሼበታለሁ። አጋታ ክሪስቲ በ1939 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው የደሴት ታሪክ አለ፤ አስር ሰዎች ተጠርተው አንድ በአንድ የሚያልቁበት። ገዳዩን አውቄ ደግሜ ሳነበው ፍንጩን የት የት እንደደበቀችው አየሁ። ደስታው ከመጀመሪያው በለጠብኝ።

የእኛን «ኦሮማይ»ስ? በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያወጣው ነው። የስለላው ውጥረት ቁጭ ብድግ ያሰኛል፤ ውስጡ ያለው የዘመኑ ፖለቲካ ነው። በዚያ መጽሐፍ ሰበብ ሥራውን አጣ። በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ልብ አንጠልጣይ ተራ ነገር ነው የሚል ሰው ይህን ያስብ።

ደግሞ ክፍል ውስጥ ሁለት ገጽ አንብቡ ሲባሉ የሚያዛጉ ተማሪዎች የይስማዕከ ወርቁን «ዴርቶጋዳ» ሽፋኑ እስኪገነጠል ሲቀባበሉት አይቻለሁ።

እናት ከጠባሴ፦ መምህር፣ እርስዎ ያሉት ገብቶኛል። አባት የልጁን እጅ የሰበረበትን መጽሐፍ ግን ለ14 ዓመት ልጅ አልሰጥም። በዚህ ማንም አያሳምነኝም።

የባሶ ልጅ፦ እሱስ ልክ ነዎት። ያ ለትልልቆቹ ይሁን፤ መደርደሪያው በዕድሜ ይለይ። ለልጅዎ የሜሪ ሼሊን «ፍራንከንስታይን» ብዬ ነበር፤ 1818 እ.ኤ.አ. የወጣ የቆየ ሥራ ነው። ፍጡሩን የሠራው ሰው ገና ዓይኑን ሲገልጥ ጥሎት ይሸሻል። ክፋቱ የሚጀምረው ከዚያ ወዲህ ነው።

እናት ከጠባሴ፦ እንግዲያው ይገዛ። ቀድሜ የማነበው ግን እኔ ነኝ።