ከሰሊጥ አገዳና ከሩዝ ቅርፊት የሚጨመቅ ከሰል፦ የትኛው ይሻላል?

ጠያቂ፣ ከአዘዞ

ጤና ይስጥልኝ። ከጎረቤቶቼ ጋር ተደራጅተን ከእርሻ ተረፈ ምርት የተጨመቀ ከሰል ለማምረት እየተዘጋጀን ነው። ያሉን አማራጮች ከመተማ በኩል የሚገኘው የሰሊጥ አገዳና ወረታ ከሚገኙት የሩዝ መፈልፈያዎች የሚወጣው ቅርፊት ናቸው። የጤፍ ጭድ በቅርባችን ቢኖርም ለከብት መኖና ለቤት ምርጊት ስለሚፈለግ ልንነካው አልወደድንም። ጥሬ ዕቃውን በመኪና አምጥተን እዚሁ አዘዞ በበርሜል ለማክሰል አስበናል። የትኛውን ብንመርጥ ይሻላል? ማያያዣውስ ምን ይሁን?

መልስ፣ ከገንዳ ውኃ

ጭዱን መተዋችሁ ተገቢ ነው። ከሁለቱ እኔ የምመርጠው ሰሊጡን ነው፤ የሩዝ ቅርፊት ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህሉ አመድ የሚሆን ሲሊካ (እንደ አሸዋ ያለ የማይነድ ማዕድን) በመሆኑ፣ ሲከስል ደግሞ የሚነደው ክፍል እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ በከሰሉ ውስጥ የአመዱ ድርሻ ወደ ግማሽ ሊጠጋ ይችላል። እንዲህ ያለው ከሰል ሦስተኛው ቡና ሳይፈላ በአመድ ይታፈናል።

ይሁን እንጂ ከምርጫው ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ የማጓጓዣው ነገር ነው። ከ100 ኪሎ ግራም ደረቅ አገዳ በበርሜል የሚገኘው ከሰል ከ25 እስከ 30 ኪሎ ግራም ብቻ ነው፤ አገዳው ደግሞ ቀላል ሆኖ ቦታ የሚይዝ በመሆኑ፣ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ሲጓዝ መኪናው በአብዛኛው የሚጭነው አየር ነው። ስለዚህ ሰሊጡ ከተወቃ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ፀሐይ የደረቀውን አገዳ እዚያው ማሳው አጠገብ አክስላችሁ፣ ከሰሉን በጆንያ ወደ አዘዞ አምጥታችሁ ብትፈጩና ብትጨምቁት እመክራለሁ። በርሜሉ መጀመሪያ የሚያወጣው ወፍራም ነጭ ጭስ በአብዛኛው እንፋሎት ነው፤ ጭሱ ሳስቶ ወደ ሰማያዊነት ሲቀየር ቀዳዳዎቹን ሁሉ በጭቃ መድፈን ያስፈልጋል። ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ ከተከፈተ አየር ሲያገኝ ይቀጣጠልና ድካሙ ሁሉ አመድ ይሆናል።

መልስ፣ ከማራኪ

ስለ ማያያዣው ልጨምር። የሸክላ አፈር ርካሽ ቢሆንም ስለማይነድ አመድ ያበዛል፤ ሞላሰስ (ከስኳር ፋብሪካ የሚተርፈው ወፍራም ጥቁር ፈሳሽ) ደግሞ በደንብ ካልተጋገረ ሲነድ ይጨሳል። እኔ የምመርጠው እንደ ሙቅ የበሰለ ዱቄት ነው፤ ለ100 ኪሎ ግራም የከሰል ዱቄት ከ5 እስከ 8 ኪሎ ግራም ለመነሻ ይበቃል። ለምግብ የሚሆን እህል እንዳይባክን የወፍጮ ቤት ጥራጊ መጠቀም ይቻላል። የተጨመቀው ከሰል በፀሐይ በደንብ ሳይደርቅ ለገበያ አይቅረብ፤ በክረምት ጎንደር ላይ ያለ ዳስ ማድረቅ አይታሰብም።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ይህ ከሰል ጭሱ አነስተኛ በመሆኑ ገዢው ጉዳት የሌለው ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን እንደ ማንኛውም ከሰል ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። በብርድ ሌሊት በር ዘግቶ ምድጃ አጠገብ መተኛት እንደሚገድል ለገዢዎቻችሁ በግልጽ ንገሯቸው።

ጠያቂ፣ ከአዘዞ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማሳው ላይ ማክሰል አልታየንም ነበር። አንዳንዶቻችን በደምቢያ በኩል ከጣና የሚወጣውን እምቦጭ ብንጠቀም የሚል ሐሳብ አንስተዋል፤ ያዋጣል?

መልስ፣ ከገንዳ ውኃ

እምቦጭ ከክብደቱ ከ90 በመቶ በላይ ውኃ ነው። ከ100 ኪሎ ግራም እርጥብ እምቦጭ ደርቆ የሚተርፈው 10 ኪሎ ግራም እንኳ ስለማይሞላና ሲከስልም ከዚያ በእጅጉ ስለሚያንስ፣ እንደ ዋና ጥሬ ዕቃ አልመክረውም። ሐይቁን ለማጽዳት ወጥቶ ዳር ላይ የደረቀ ካገኛችሁ ግን ከሰሊጡ ከሰል ጋር በጥቂቱ ቀላቅላችሁ ብትሞክሩት አይከፋም።