የጓሮ በር ለመቀየር ኤችኦኤን (የሰፈሩን የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ማስፈቀድ ግድ ነው?

የአሌክሳንድሪያዋ፦
ሰላም ወገኖች። የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ ታውንሃውስ (ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ቤት) ውስጥ ነው። ወደ ጓሮ የሚያስወጣው ተንሸራታች የመስታወት በር አርጅቷል። ብርድ ያስገባል፣ ለመክፈት ሁለት እጅ ይፈልጋል፣ በሁለቱ መስታወቶች መሃል እንፋሎት ገብቶ ጓሮዬን በጭጋግ ነው የማየው። ጥቁር፣ ባለ ሁለት ተካፋች በር አማረኝ። ኮንትራክተሩ «ከኋላ ስለሆነ ማንም አያየውም፣ ማክሰኞ እንግባ» ይላል። ባለቤቴ ይቀጡናል ብሎ ሰግቷል። የጎረቤቶቼ በር ሁሉ ነጭ ነው። ማን ልክ ነው?

ቀምሼዋለሁ፦
ባለቤትሽን ስሚ። እኔም «ከኋላ ነው» ተብዬ ነው የተበላሁት። የኛ ደንብ ፊትና ኋላ አይለይም፣ የውጭ መልክ ይላል በቃ። ደብዳቤ መጣ፣ ስብሰባ ተጠራሁ፣ በመጨረሻ በሩን አስነስቼ ሌላ ገዛሁ። ኮንትራክተሩማ ስልክም አላነሳ። የቨርጂኒያ ሕግ ቅጣቱን ገድቦታል፤ ለሚቀጥል ጥፋት በቀን ከ10 ዶላር አይበልጥም፣ ያውም እስከ 90 ቀን። ከመቀጣትሽ በፊትም ቀርበሽ የመናገር መብት አለሽ። ግን 900 ከፍዬ እገላገላለሁ እንዳትይ፣ በሩ እንዲነሳ ፍርድ ቤት ሊሄዱ ይችላሉ።

ጠጋኙ፦
ሥራዬ ይሄው ስለሆነ ልናገር። ቆይ፣ በሩ ለምን ይቀየራል? ጭጋጉ በመስታወቶቹ መሃል ከሆነ የጠርዙ ማሸጊያ ለቋል ማለት ነው፣ ፍሬሙ ደህና ከሆነ መስታወቱ ብቻ ይቀየራል። የሚከብደው ደግሞ ከሥር ያሉት ሮለሮች አልቀው ወይም ሐዲዱ ቆሽሾ ነው። ሐዲዱን በቫኪዩም ጥረጊው፣ ከበሩ ታች ያለውን ብሎን በካቻቪቴ ትንሽ አዙሪው፣ በሩ ከፍ ይላል። ብርዱን የዳር ጎማው ይጨርሰዋል። መልክ ስለማይቀይር ይሄ ብዙ ጊዜ ፈቃድ አይጠየቅበትም። ፍሬሙ ከበሰበሰ ግን ጊዜሽን አታጥፊ፣ ቀይሪው።

ቡና በጓሮ፦
እህቴ ጥቁሩን አትተዪው! ውጩ ነጭ ውስጡ ጥቁር የሆነ በር ይሠራል፣ እኔ ያስፈቀድኩት እንደዚያ ነው። ከኤችኦኤው የማመልከቻ ቅጽ ጋር የበሩን ብሮሹር፣ ልኩን፣ የውጩን ቀለም፣ የአሁኑን በር ፎቶ አያይዢ። መስታወቱ ላይ የካሬ መስመር ካለው እሱንም ጻፊ፣ የኔን መጀመሪያ የመለሱብኝ በሱ ነበር። ተካፋቹን ለብቻው ጠይቂ፣ ተንሸራታች ብቻ የሚሉ አሉ። ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነም ሶፋሽን አስቢ። መልሱ በጽሑፍ እስኪመጣ ቀብድ እንዳትከፍዪ። ግድግዳ ማስፋት ካለበት ደግሞ የካውንቲው ፐርሚት ሌላ ነው።

የአሌክሳንድሪያዋ፦
ጠጋኙ ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። ሐዲዱን ስንጠርግ ሦስት ሌጎና አንድ የጆሮ ጌጥ ወጣ፣ ጌጡን ካጣሁት ዓመት አልፎኛል። በሩ አሁን በአንድ እጅ ይከፈታል። የመስታወቱን ዋጋ እያስጠየቅኩ ነው። ኮንትራክተሩን ማክሰኞ እንዳይመጣ ነገርኩት፣ አኮረፈ።