ደስቲን ዎልፍ ከ214ኛ ተነስቶ እንዴት ቋሚ በረኛ ሆነ? (ልጄም በረኛ ነው)

የበረኛው እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 15 ዓመቱ ነው። አይስ ሆኪ ይጫወታል፤ በረኛ ነው። ከትንሽነቱ ጀምሮ ሌላ ቦታ ልሰለፍ ብሎ አያውቅም። በቅርቡ አንድ አሰልጣኝ "ጎበዝ ነህ፤ ግን በዚህ ቁመት ሩቅ አትሄድም" አለው። ቤት ሲገባ ፊቱ ልክ አልነበረም። ከዚያን ቀን ወዲህ ወሬው ሁሉ ስለ ካናዳው ቡድን ስለ ካልጋሪ ፍሌምስ በረኛ ስለ ደስቲን ዎልፍ ሆኗል። "እሱንም አጭር ነህ ብለውት ነበር፤ ድራፍቱ (ቡድኖች ወጣቶችን በተራ የሚመርጡበት) ሊያልቅ ሲል ነው የወሰዱት" ይለኛል።

እኔ ጨዋታውን የማውቀው በልጄ በኩል ነው። የዎልፍ ታሪክ እሱ እንደሚለው ነው? በረኞችስ ኤንኤችኤል (የሰሜን አሜሪካው ዋናው የሆኪ ሊግ) እስኪገቡ ለምን ይህን ያህል ይቆያሉ? ባዶ ተስፋ ልሰጠው አልፈልግም፤ ሞራሉንም መስበር አልፈልግም። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ከጎሉ ጀርባ፦

እህቴ፣ ልጅሽ ያለው እውነት ነው። ግን የነገረሽ ግማሹን ነው። እኔ የምኖረው ካልጋሪ ነው። ዎልፍን ራንግለርስ (የፍሌምስ የታች ቡድን) እያለ ጀምሮ ተከታትዬዋለሁ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ታዳጊ በረኞችን አሰለጥናለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

ልጁ የተወለደው ካሊፎርኒያ፣ ጊልሮይ ነው። በ2019 ድራፍት ፍሌምስ የወሰደው በ7ኛው ዙር፣ 214ኛ ላይ ነው። በዚያ ድራፍት የተመረጡት በጠቅላላ 217 ናቸው። ከእሱ በኋላ የተጠሩት ሦስት ብቻ ናቸው ማለት ነው። ችሎታው ተደብቆ ግን አልነበረም። በታዳጊዎቹ ዌስተርን ሆኪ ሊግ ለኤቨረት ሲልቨርቲፕስ ሲጫወት ሁሉም አይቶታል። ያስጠረጠራቸው ቁመቱ ነው። በመዝገብ የሰፈረው 183 ሴንቲሜትር ነው። መንገድ ላይ ብታገኚው አጭር አትይውም። የዛሬዎቹ የኤንኤችኤል በረኞች ግን አብዛኞቹ ከ188 አያንሱም።

ቁመት ለምን እንዲህ ያነጋግራል? ጎሉ 183 ሴንቲሜትር ስፋትና 122 ሴንቲሜትር ከፍታ አለው። (የዎልፍ ቁመትና የጎሉ ስፋት እኩል ነው፤ ይህን ለልጅሽ ንገሪው፣ ደስ ይለዋል።) ምት ሲመጣ በረኛው በሁለት ጉልበቱ ይወርድና እግሮቹን ወደ ጎን ይዘረጋል። ይህን በተርፍላይ ይሉታል። የእግር መከላከያው ታችኛውን ክፍል ይዘጋል። ላይኛውን የሚዘጋው ደረትና ትከሻ ነው። ረጅም በረኛ ተንበርክኮም ትከሻው ወደ አግዳሚው ይጠጋል። አጭሩ ግን ከትከሻው በላይ ክፍተት ይተዋል። ክፍተቱን ለማጥበብ ወደ ተኳሹ ወጣ ማለት አለበት። ወጣ ካለ ደግሞ ፓኩ (የሚመታው ጠፍጣፋ ጎማ) በድንገት ወደ ሌላው ጎን ሲተላለፍ ብዙ መንሸራተት ይጠብቀዋል። ስለዚህ ለአጭር በረኛ ጨዋታውን ቀድሞ ማንበብ ግዴታ ነው።

ዎልፍን የምወደውም በዚህ ነው። ሳድልዶም (የፍሌምስ ሜዳ) ስገባ ከተቻለኝ ከጎሉ ጀርባ እቀመጥና ፓኩን ትቼ እሱን አያለሁ። ተኳሹ ዱላውን ገና ሲያነሳ ብዙ ታዳጊ በረኛ ይወድቃል። እሱ ይቆያል። ጉልበቱን ሰበር አድርጎ፣ በጫማው ስለት ውስጠኛ ጠርዝ በረዶውን ነክሶ፣ ፓኩ ከዱላው እስኪለቅ ይጠብቃል። አጥቂዎች ፊቱ ተሰልፈው ሲጋርዱት አንዴ በአንዱ ትከሻ ላይ፣ አንዴ በሌላው ወገብ በኩል አንገቱን ያሾልካል። ያየውን ፓክ ማዳን ይችላል፤ ስለዚህ ሥራው ሁሉ ማየት ነው።

አሁን መንገዱን ተመልከቺ። በ2020 የካናዳ ታዳጊ ሊጎች ምርጥ በረኛ ተባለ። በ2021-22 ከኤንኤችኤል በአንድ ደረጃ ዝቅ በሚለው ኤኤችኤል፣ ለስቶክተን ሂት ተሰልፎ የሊጉ ምርጥ በረኛ ሆነ። ክለቡ በ2022 ወደ ካልጋሪ ተዛውሮ ራንግለርስ ተባለ። በ2022-23 42 ጨዋታ አሸነፈ፤ ከተሞከረበት 93.2 በመቶውን አዳነ። በድጋሚ ምርጥ በረኛ፣ ያውም የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ሆነ። ታዲያ በዚያ ሁሉ ዓመት ዋናው ቡድን ስንት ጊዜ አሰለፈው? አንድ ጊዜ! ኤፕሪል 12፣ 2023፣ ፍሌምስ ከፕሌይኦፍ (ለዋንጫ ከሚደረገው ጥሎ ማለፍ) ውጪ መሆኑ ከታወቀ በኋላ፣ በመጨረሻው ጨዋታ። ሳን ሆዜን 3 ለ 1 አሸነፉ።

"ለምን ይቆያሉ?" ላልሽው መልሱ እዚህ ጋ ነው። ኤንኤችኤል 32 ቡድን አለው። ለአንድ ጨዋታ የሚለብሱት ሁለት በረኞች ናቸው፤ የሚጫወተው አንዱ ነው። በጠቅላላ 64 ወንበር ማለት ነው፣ ለመላው ዓለም። አጥቂ ከሆንሽ በአራተኛው መስመር ትንሽ ደቂቃ እየሰጡ ያለማምዱሻል። ለበረኛ እንዲህ ያለ ነገር የለም። በካልጋሪ ያኔ ያኮብ ማርክስትሮምና ዳን ቭላዳር ነበሩ። ደንቡ ደግሞ ልምድ ላላቸው ተጫዋቾች እንዲህ ነው፦ ወደ ታች ሊልኳቸው ከፈለጉ መጀመሪያ ለሌሎች ቡድኖች ክፍት ይሆናሉ፤ የፈለገ ቡድን በነጻ ሊወስዳቸው ይችላል። ዌይቨርስ ይባላል። ወጣቶች ግን ለተወሰኑ ዓመታት ከዚህ ነጻ ናቸው። ቭላዳርን ቢልኩት ሊያጡት ነው፤ ዎልፍን ቢልኩት ምንም አያጡም። ስለዚህ የሚመላለሰው እሱ ነው። ስለ ችሎታው የሚናገር ነገር አልነበረም፤ የወረቀት ሥራ ነው። ለአንድ ወጣት ይህን መሸከም ቀላል አይመስለኝም።

በ2023-24 እየወጣ እየወረደ 17 ጨዋታ ለፍሌምስ ተሰለፈ። ያዳነው ከ90 በመቶ በታች ወረደ። ታች ኮከብ የነበረ ልጅ ነው! ላይ ያሉት ተኳሾች ፓኩን ከየት እንደሚለቁት ይደብቃሉ፤ ቅብብሉም ይፈጥናል። በጁን 2024 ማርክስትሮም ወደ ኒው ጀርሲ ተላለፈና በሩ ተከፈተ። በ2024-25 53 ጨዋታ ተጫውቶ 29 አሸነፈ። ለዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች በሚሰጠው የካልደር ሽልማት ከሞንትሪያሉ ሌን ሃትሰን ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ። በሴፕቴምበር 2025 የሰባት ዓመት፣ የ52.5 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ።

የሳሮስ ደጋፊ፦

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ልክ ነው። እኔ የናሽቪሉን ዩሴ ሳሮስን ልጨምር። 180 ሴንቲሜትር ነው፤ ከዎልፍም ያንሳል። በ2013 99ኛ ተመረጠ፣ ኤኤችኤል፣ ሚልዋኪ ወርዶ ሠራ፣ ከዚያም ለዓመታት ከቋሚው በረኛ ከፔካ ሪኔ ኋላ ተራውን ጠበቀ። ሪኔ ጫማውን የሰቀለው በ2021 ነው። ጆርዳን ቢኒንግተን ደግሞ በ2011 ተመርጦ ለሴንት ሉዊስ መጀመሪያ ቋሚ ሆኖ የተሰለፈው በጃንዋሪ 2019፣ በ25 ዓመቱ ነው። በዚያው ጁን የኤንኤችኤልን ዋንጫ፣ ስታንሊ ካፕን አነሳ።

ግን ለእህታችን ሳልሸፍን ልናገር። ቁመት ዋጋ አለው። መልማዮች ረጅሙን የሚመርጡት በክፋት አይደለም፤ እኩል ችሎታ ካላቸው ረጅሙ ብዙ ይሸፍናል። ልጁ ይህን አውቆ ቢገባበት ይሻለዋል።

ረጅም መሆንም ብቻውን አያደርስም። ስፔንሰር ናይት ረጅም ነው፤ በ2019፣ ዎልፍ በተመረጠበት ድራፍት 13ኛ ወጣ። ገና በ20 ዓመቱ ለፍሎሪዳ በፕሌይኦፍ ተሰለፈ። በ2023-24 ግን ቻርሎት ወርዶ ከኤኤችኤል መጀመር ነበረበት። በኋላ ወደ ቺካጎ ሄደ።

የበረኛው እናት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁለታችሁንም። ልጄ አጠገቤ ተቀምጦ አነበበው። አንድ ጥያቄ ልጨምር። ለሚቀጥለው ዓመት ሁለት ቡድን ይፈልገዋል። አንዱ ስም ያለው ነው፤ እዚያ ግን ተጠባባቂ ነው የሚሆነው። ሌላው ደከም ያለ ነው፤ እዚያ ቋሚ ይሆናል። የቱ ይሻላል?

ከጎሉ ጀርባ፦

እኔ ብሆን ደከም ወዳለው እልከዋለሁ። ደካማ ቡድን ብዙ ይተኮስበታል፤ በዚህ ዕድሜ የሚያስፈልገውም እሱ ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ግን የበረኛ አሰልጣኝ እንዳላቸው ጠይቂ። ዋናው አሰልጣኝ በረኛን የሚያየው ብዙ ጊዜ ጎል ሲገባበት ብቻ ነው።

ሌላው፣ ስንት እንደገባበት አትቁጠሪ። ካዳነ በኋላ ፓኩ የት እንደሚሄድ እዪ። ወደ ጥግ ከመለሰው ጥሩ ነው። ፊት ለፊት፣ አጥቂ እግር ስር ከጣለው ገና ሥራ አለው። የዳሌውንና የብሽሽቱን ነገርም አደራ፤ በተርፍላይ እዚያ ጋ ይጎዳል። ሕመም ካለው ይናገር፤ ችሎ አይጫወት። ካልጋሪ አካባቢ ከሆናችሁ በውስጥ ጻፊልኝ፤ አንድ ቅዳሜ መጥቶ ከልጆቹ ጋር ይለማመድ።