ኦአርኤሙን ትቼ ኤስኪውኤል በእጄ ልጻፍ ወይስ የሚስተካከል ነገር ነው?

ጠያቂው፦
ሰላም ነው ጓዶች። በጃንጎ (የፓይተን የዌብ ማዕቀፍ) የትዕዛዝ መከታተያ እየሠራሁ ነው፣ ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ነው። የማናግረው በኦአርኤሙ ነው፣ ማለትም የፓይተን ኮዴን ወደ ዳታቤዙ ቋንቋ ወደ ኤስኪውኤል በሚቀይርልኝ ክፍል። አንድ ገጽ ላይ 200 ትዕዛዝ ይዘረዘራል። ከእያንዳንዱ ጋር የደንበኛው ስምና የታዘዙት ዕቃዎች ይታያሉ። ላፕቶፔ ላይ ትንሽ የሙከራ ዳታ እያለ ገጹ ይበር ነበር፤ ትክክለኛው ዳታ ከገባ ወዲህ ግን እስኪከፈት ነፍሴ ትወጣለች። ዲበግ ቱልባሩን ሳይ ገጹ 401 ኩዌሪ (ወደ ዳታቤዝ የሚላክ ጥያቄ) ላከ ይለኛል። እኔ የጻፍኩት እኮ አንድ መስመር ነው፦ ትዕዛዞቹን በቀን ደርድርና የመጀመሪያዎቹን 200 አምጣ። ሌላው ከየት መጣ? አብሮኝ የሚሠራው ልጅ «ኦአርኤም ለጨዋታ ነው፣ ተወውና ኤስኪውኤል ጻፍ» ይለኛል። እውነቱን ነው?

ሉፕ ጠባቂ፦
ቁጥሩን በትነህ እየው። 1 ሲደመር 200 ሲደመር 200። የመጀመሪያዋ ትዕዛዞቹን ያመጣችው ናት። ከዚያ ቴምፕሌቱ (የገጹ ኤችቲኤምኤል ቅጽ) ውስጥ ሉፑ በዞረ ቁጥር የደንበኛውን ስም ትጠራለህ፤ ጃንጎ ደግሞ ደንበኛውን ገና ስላላመጣው ሄዶ ይጠይቃል። ዕቃዎቹን ስትዘረዝርም እንደዚሁ። ኮዱ ላይ አንዲት ነጥብ ናት፣ ከጀርባ ግን ወደ ዳታቤዝ ደርሶ መልስ ነው። «ኤን ሲደመር አንድ» የሚሉት ችግር ይሄ ነው። ሌሎቹ ኦአርኤሞች፣ የጃቫው ሃይበርኔትም፣ የፓይተኑ ኤስኪውኤል አልኬሚም፣ የሩቢው አክቲቭ ሪከርድም ላይ አለ።

ላፕቶፕህ ላይ ያልታየህ ዳታው ትንሽ ስለነበር ብቻ አይደለም። ዳታቤዙም እዚያው ማሽን ላይ ስለነበር ነው። አሁን ሌላ ሰርቨር ላይ ከሆነና ደርሶ መልሱ 2 ሚሊሰከንድ ከፈጀ፣ 401 ጊዜ ማለት 802 ሚሊሰከንድ በመንገድ ብቻ አለቀ ማለት ነው፣ ያውም እያንዳንዷ ኩዌሪ ለራሷ ምንም ሳትዘገይ። ስሎው ኩዌሪ ሎግ (የዘገዩ ኩዌሪዎች መዝገብ) ውስጥ ብትፈልጋት አታገኛትም።

መፍትሔው አጭር ነው። ደንበኛው ፎሪን ኪ (ወደ ሌላ ቴብል ረድፍ የሚያመለክት ኮለም) ስለሆነ ሴሌክት ሪሌትድ በለው፣ በጆይን (ሁለቱን ቴብሎች በማገናኘት) እዚያው ኩዌሪ ውስጥ ይዞት ይመጣል። ዕቃዎቹ ለአንድ ትዕዛዝ ብዙ ስለሆኑ ደግሞ ፕሪፌች ሪሌትድ፤ የ200ውን ትዕዛዝ አይዲ ሰብስቦ ዕቃዎቹን በሌላ አንድ ኩዌሪ ያመጣና ፓይተን ውስጥ ያዛምዳቸዋል። 401 የነበረው 2 ይሆናል።

ጠያቂው፦
ተባረክ! ሁለቱንም ጨመርኩ። ግን 2 ሳይሆን 202 ነው የሚለኝ። ደንበኛው ተስተካክሏል፣ ዕቃዎቹ ግን አሁንም በየትዕዛዙ ይጠየቃሉ። ቴምፕሌቱ የሚጠራው ሞዴሉ ላይ ያለች አንዲት ሜተድ ናት፣ የተሰረዙትን ዕቃዎች በፊልተር አውጥታ ቀሪዎቹን ትመልሳለች።

ሰላሜ፦
በቃ ፊልተሯ ናታ! ፕሪፌች ያስቀመጠልህ «ሁሉንም ዕቃዎች» ለሚለው ጥያቄ የተሰጠውን መልስ ነው። አንተ ፊልተር ስትል ለጃንጎ አዲስ ጥያቄ ነው፣ የተቀመጠውን ትቶ እንደገና ወደ ዳታቤዝ ይሄዳል። ስለዚህ አሁን ዕቃዎቹን ሁለቴ እያመጣህ ነው፣ አንዴ በከንቱ። ፕሪፌች የሚባለውን ኦብጀክት ተጠቀም። ፊልተር ያደረግከውን ኩዌሪሴት (የኦአርኤሙን ጥያቄ) እዚያ ውስጥ ስጠው፣ ቱ አትር በሚለው ደግሞ ውጤቱ የሚቀመጥበትን ስም አውጣለት። ከዚያ ቴምፕሌቱ ውስጥ ሜተዷን ተውና ያንን ስም ጥራ፣ እሱ ተራ ሊስት ነው።

ኦንሊ የሚለውም እንዲሁ ጉድ ይሠራል። ሁለት ኮለም ብቻ አምጣ ብለህ ሦስተኛውን ሉፕ ውስጥ ከነካህ ለእያንዳንዱ ረድፍ አንድ ኩዌሪ ትከፍላለህ።

የሪፖርት ሰው፦
«ተወው» ያለህ ልጅ አጋኖታል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አልተሳሳተም። ለማስገባት፣ ለማረም፣ ለፎርም፣ ለማይግሬሽን (ለቴብሎች ለውጥ) ኦአርኤሙን ተውኩ ካልክ ያንኑ ነገር ራስህ እንደገና ልትጽፈው ነው፣ ከዚያም ይብሳል። ሪፖርት ላይ ግን እኔ ብዙ አልታገልም። ምሳሌ ልስጥህ። በእያንዳንዱ ትዕዛዝ ስንት ዕቃና ስንት ክፍያ እንዳለ ለማወቅ አኖቴት (ለእያንዳንዱ ረድፍ ስሌት የሚጨምረው) ውስጥ ሁለት ካውንት (ቆጠራ) ጻፍ። 3 ዕቃና 2 ክፍያ ያለው ትዕዛዝ ሁለቱንም 6 ብሎ ይመልስልሃል፤ ምክንያቱም ሁለቱ ቴብሎች በአንድ ጆይን ውስጥ ተገናኝተው እርስ በርስ ተባዝተዋል። ለካውንት ዲስቲንክት (ድግግሞሹን አንዴ ብቻ ቁጠር) ስትጨምር ይስተካከላል። ለድምር ግን አያዋጣም፣ እኩል የሆኑ ሁለት ክፍያዎች ካሉ አንዱን ይውጠዋል፣ ሰብኩዌሪ (ኩዌሪ ውስጥ ሌላ ኩዌሪ) ያስፈልግሃል። ኤረር የለ ምን የለ፣ ዝም ብሎ የተሳሳተ ቁጥር ነው የሚሰጥህ፤ ከዘገምተኛ ገጽ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው። እንዲህ ሲወሳሰብ ኤስኪውኤሉን በቀጥታ ጻፈው፣ ብቻ ከተጠቃሚ የመጣውን ነገር በፓራሜትር አሳልፍ እንጂ ኩዌሪው ውስጥ በፅሑፍ አትቀጥለው።

የጃቫ ስደተኛ፦
ከሃይበርኔት ለሚመጡ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው ይሄ ችግር ሲገጥመው ሞዴሉ ላይ ሄዶ ግንኙነቱን ሁሉ «ኢገር» (ሁሌም ወዲያው የሚመጣ) ያደርገዋል። ይሄ መፍትሔ አይደለም። በጄፒኪውኤል (በጃቫው ኦአርኤም መጠየቂያ ቋንቋ) ስትጠይቅ ኢገር የሆነውን ነገር በየረድፉ ለብቻው ሊያመጣው ይችላል፣ ማለትም ያው ኤን ሲደመር አንድ፣ አሁን ደግሞ ባትፈልገውም ጭምር። ሞዴሉን ሌዚ (ሲጠራ ብቻ የሚመጣ) አድርገህ ተውና በሚያስፈልግህ ኩዌሪ ላይ ብቻ ጆይን ፌች በል። ሜኒ ቱ ዋን (እንደ ትዕዛዝና ደንበኛው ያለ ግንኙነት) በነባሪው ኢገር መሆኑን ደግሞ አትርሱ፣ እሱ ነው ብዙ ሰው የሚያስተው።

ጠያቂው፦
2 ሆነ! ሰላሜ እጅሽ ይባረክ። ገጹ ከበፊቱ በጣም ፈጥኗል፣ ግን አሁንም ትንሽ ይንቀራፈፋል።

ሉፕ ጠባቂ፦
የምትደረድርበት የቀን ኮለም ኢንዴክስ (የመፈለጊያ ማውጫ) አለው? ጃንጎ ለፎሪን ኪ በራሱ ኢንዴክስ ይሠራል፣ ለቀን ግን አንተ ካልነገርከው አይሠራም። ኢንዴክስ ከሌለ ፖስትግሬስ 200ውን ለመምረጥ ቴብሉን ሙሉ ያነባል። ኩዌሪሴቱን ኤክስፕሌይን በለውና አናላይዝን ትሩ አድርገው፣ «ሴክ ስካን» (ቴብሉን ሙሉ ማንበብ) ከወጣ ኢንዴክሱን ጨምር። ለዚህ ገጽ ደግሞ አሰርት ነም ኩዌሪስ (የኩዌሪዎቹን ቁጥር የሚፈትሸው) ያለው ቴስት ጻፍለት፣ 2 ብለህ። ነገ አንድ ሰው ቴምፕሌቱ ላይ አንዲት ነጥብ ሲጨምር ቴስቱ ይወድቃል። ሙከራው ውስጥ ግን ቢያንስ 3 ትዕዛዝ ከየደንበኛውና ከየዕቃው ጋር አስገባ፣ በባዶ ቴብል ቁጥሩ አይገጥምም።