ኮሮኮንቹ ይስተካከል፤ ቦታዎቹስ? (የጋራ ሐሳባችን ረቂቅ)

ጸሐፊ፦ ለማዘጋጃ ቤቱ የምናስገባው ሐሳብ ዓርብ ማለቅ አለበት። እስካሁን እጄ ላይ ያለው «መንገዳችን ይጠገንልን» የምትል አንዲት መስመር ናት። እሷንማ ማንም ይጽፋታል። ጨምሩበት።

ጡረተኛው መሐንዲስ፦ «ይጠገን» ብቻ ካልን ጉድጓዱ ላይ ሬንጅና ጠጠር ደፋ ደፋ አድርገው ይሄዳሉ። በመጀመሪያው ዝናብ ይነሳል። የአስፋልት ጠላቱ ውሃ ነው። በስንጥቅ ይገባል፣ ከሥር ያለውን አፈር ያላላል። ጎማ ሲጫነው ደግሞ ጭቃው በዚያው ስንጥቅ ፊጭ ብሎ ይወጣል። ሥሩ ባዶ ሲሆን ላዩ ይደረመሳል። ስለዚህ አንደኛ፣ ቦዩ ይጠረግ። ከዚያ የጉድጓዱ ዳር ጤነኛው አስፋልት ድረስ ቀጥ ተደርጎ ይቆረጥ፣ ልቅ አፈሩ ይውጣ፣ ንብርብሩ አንድ በአንድ ይጠቅጠቅ።

የታክሲ ሹፌሯ፦ ጋሼ፣ መንገዱን ያበላሸው ታክሲ ነው እንዳይሉን ብቻ።

መሐንዲሱ፦ አይሉሽም ልጄ። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ውስጥ ትልቅ የመንገድ ሙከራ ተደርጎ ነበር። ከሱ በወጣው ስሌት የአንድ አክስል (ግራና ቀኝ ጎማዎቹን የሚያያይዘው ብረት) ጭነት እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል። ከባድ መኪና በሌላ በኩል ይዙር የሚል ይግባ።

ሹፌሯ፦ እሰይ! ግን ተሳፋሪዎቼ «ትልቁ ጉድጓድ ጋ ወራጅ» ነው የሚሉኝ። ሲደፈን ምን ሊሉ ነው?

እትዬ፣ የድሮ ነዋሪ፦ ሳቁ እንጂ ነገሩ እውነት ነው። እኔ አውቶቡስ ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ የት እንደደረስኩ አውቃለሁ። ሦስተኛው ነውጥ ፎቶ ቤቱ ነው። ብስክሌት ስማር የወደቅኩት እዚያ ነው። ፎቶ ቤቱ ፈርሷል። ፔዳሉ የጫረው ጥርብ ድንጋይ ግን አሁንም አለ። ጭረቱ ጣት ያስገባል። ድንጋዩ አይነካ።

ወጣቱ አባል፦ እደግፋለሁ! እ.ኤ.አ. በ1896 የተጀመረው የፓሪስ–ሩቤ የብስክሌት ውድድር ዝናው በሙሉ ከጥርብ ድንጋይ መንገዱ ነው። ድንጋዮቹን የሚንከባከብ ማኅበርም አለው። አሸናፊው የሚሸለመው ራሱ ድንጋይ ነው።

ባለ ዊልቸሩ አባል፦ እነሱ በዓመት አንድ ቀን ነው የሚናወጡት። እኔ በየቀኑ። ይቅርታ እትዬ፣ እርስዎ የሚወዱት ነውጥ እኔን ወገቤን ይለኛል።

እትዬ፦ አይዞህ ልጄ። ይሄን አላሰብኩትም፣ አፈርኩ።

ባለ ዊልቸሩ፦ ኧረ አይፈሩ። ድንጋዩ ይቆይ፣ ከንጣፉ እኩል ይሁን እንጂ። ጀርመናዊው የጥበብ ሰው ጉንተር ዴምኒግ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ የናዚ ሰለባዎች በኖሩባቸው ቤቶች ደጃፍ ስማቸው በናስ የተቀረጸ 10 በ10 ሳንቲሜትር ድንጋይ ይተክላል። ስሙ «ማሰናከያ ድንጋይ» ነው፤ ማንንም ግን አያሰናክልም፣ ከመሬት እኩል ነው። የእኛ ትዝታ ከዚያ ሐዘን ጋር አይወዳደርም፣ አሠራሩን ብቻ እንዋስ።

መሐንዲሱ፦ ይቻላል። ግን ቁፋሮው ሳይጀመር ድንጋዩ መውጣት አለበት። ከተጀመረ በኋላ ከፍርስራሹ ጋር ተጭኖ ይሄዳል።

ጸሐፊ፦ ጻፍኩ። ቦይ፣ ጥገና፣ ከባድ መኪና፣ ከዚያ ከንጣፉ እኩል የሚተከሉ የቦታ ምልክቶች። ሁሉም የሚያስታውሰውን ቦታ እስከ ረቡዕ ይላክልኝ፣ ከሁለት አይብለጥ። እትዬ፣ ቅዳሜ ጠዋት ድንጋዩን ያሳዩን፤ ቀለም ይዤ እመጣለሁ።

እትዬ፦ ቀለሙ ጭረቱ ውስጥ እንዳይገባ።