በኳንተም ቁልፍ መረብ ላይ የመንገድ መረጣ፦ የጋራ ጥናት ረቂቅ፣ ክፍል 3

አስተባባሪ፦ ጤና ይስጥልን። የኳንተም ቁልፍ መረብ በፎቶኖች (በብርሃን ቅንጣቶች) አማካይነት መልእክት መመስጠሪያ ምስጢራዊ ቁልፍ የሚያመነጭና የሚያደርስ መረብ ነው። መነሻችን በቪየና እ.ኤ.አ. በ2008 ለሙከራ የተዘረጋው የሴኮክ መረብ ቅርጽ ነው፤ 6 ኖድ (የመረቡ ጣቢያ)፣ 8 ሊንክ (ሁለት ኖዶችን የሚያገናኝ መስመር)። ሲሙሌሽኑ በኤንኤስ-3 (የኔትወርክ ማስመሰያ ሶፍትዌር) ላይ በኪውኬዲኔትሲም (ለኳንተም ቁልፍ መረብ በተሠራው ሞጁል) ይሠራል። ክፍል 3 ላይ «አጭሩ መንገድ ይመረጣል» ተብሏል። አስተያየታችሁን ስጡበት።

የራውቲንግ ቡድን፦ ያ ዐረፍተ ነገር ይውጣ። በተለመደው ኔትወርክ ሊንክ ሲጨናነቅ ፓኬት ይዘገያል፣ ኋላ ግን ይደርሳል። እዚህ ቁልፍ አንዴ ከተጠቀሙበት አለቀ። መዳረሻው በ3 ሊንክ ከራቀ፣ ባለ256 ቢት አንድ ቁልፍ ለማድረስ በየሊንኩ 256፣ በድምሩ 768 ቢት ይወጣል፤ እያንዳንዱ መካከለኛ ኖድ የተቀበለውን ፈትቶ በቀጣዩ ሊንክ ቁልፍ በኤክስኦር (ሁለት ቢት ሲለያዩ 1፣ ሲመሳሰሉ 0 በሚሰጥ ስሌት) እንደገና ይሸፍነዋልና። ስለዚህ የሊንክ ዋጋ ከሁለት ነገር ይሰላ፦ አሁን ካለው የቁልፍ ክምችትና በሰከንድ ከሚገባው። የመንገዱ አቅም ደግሞ የደካማው ሊንኩ አቅም ነው።

የፋይበር ቡድን፦ የሚገባው መጠን በርቀት እንዴት እንደሚወርድም ይጻፍ። በ1550 ናኖሜትር ፋይበር በኪሎ ሜትር 0.2 ዴሲቤል (የብርሃን መዳከም መለኪያ) ያህል ይበላል። 25 ኪሎ ሜትር ላይ ከ3 ፎቶን 1 ገደማ ይደርሳል፤ 80 ኪሎ ሜትር ላይ ከ40 አንድ ብቻ። የተለመደው ማጉያ የፎቶኑን ሁኔታ ስለሚያበላሽ አይገባም። ለሁሉም ሊንክ እኩል ፍጥነት ከሰጠን ውጤቱ ዋጋ የለውም።

የራውቲንግ ቡድን፦ ልክ ነው፣ በርቀቱ እናሰላዋለን። ሌላው ችግር መዋዠቅ ነው። ሁሉም ኖድ ክምችቱ የሞላውን ሊንክ ካየ፣ ሁሉም ወደዚያ ይጎርፋል፤ ወዲያው ይደርቅና ደግሞ ወደ ሌላው ይዞራል። ክምችት በተለወጠ ቁጥር ማስታወቅ ነገሩን ያባብሳል፤ እያንዳንዱ ማስታወቂያ ራሱ የማረጋገጫ ቁልፍ ይበላል። ክምችቱ 75፣ 50 እና 25 በመቶን ሲያቋርጥ ብቻ ይታወቅ። የተመረጠ መንገድም የግንኙነቱ ክፍለ ጊዜ እስኪያልቅ አይቀየር፤ ሊንኩ ከተቋረጠ ግን ወዲያው ይቀየር።

የደህንነት ቡድን፦ እነዚያ ማስታወቂያዎች ይመስጠሩ። የትኛው ሊንክ እንደደረቀ ያወቀ አጥቂ ቀጥሎ የትኛውን ፋይበር እንደሚቆርጥ ነገርነው ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ የምንለምነው የክምችት ወለል፣ ማለትም ክምችቱ እንዳያልፈው የሚጠበቅ ዝቅተኛ መጠን፣ እንዲኖር ነው። በሊንኩ ሁለት ጫፍ ያሉት መሣሪያዎች ቁልፍ ለማመንጨት የሚለዋወጡትን መልእክት በዌግማን-ካርተር ዘዴ (መልእክት እንዳልተነካካ በምስጢር ቁልፍ በሚያረጋግጥ ዘዴ) ያረጋግጣሉ፤ ለዚህም ከራሱ ከሊንኩ ክምችት ትንሽ ይወስዳሉ። ራውተሩ ክምችቱን እስከ ዜሮ ካራገፈው ማረጋገጥ አይቻልም፤ ሊንኩ ዳግም የሚነሣው ሰው የመነሻ ቁልፍ በእጁ ይዞ ሲሄድ ነው። ከወለሉ በታች ላለ ሊንክ የዳታ ጥያቄ አይፈቀድ።

አስተባባሪ፦ ይገባል። መካከለኛ ኖድ በአጥቂ ቢሰበርስ?

የደህንነት ቡድን፦ መካከለኛው ኖድ ቁልፉን በግልጽ ያየዋል፤ ይህን ሳንሸፍን እንጻፈው። መፍትሔው ቁልፉን ለሁለት መክፈል ነው፦ በአንደኛው መንገድ የዘፈቀደ ቁጥር፣ በሌላው ቁልፉ በዚያ ቁጥር ኤክስኦር ተደርጎ ይላካል። መንገዶቹ አንድም መካከለኛ ኖድ አይጋሩ። ወጪው እጥፍ ገደማ ነው፤ አንድ ሊንክ ብቻ ላለው ኖድ ደግሞ አይሠራም። ስለዚህ ከፍተኛ ጥበቃ ለሚፈልግ ትራፊክ ብቻ ይዋል።

የፋይበር ቡድን፦ የስህተት መጠኑም ይካተት። በቢቢ84 (በፎቶን ቁልፍ የሚመነጭበት ፕሮቶኮል) የቢት ስህተት 11 በመቶ ሲደርስ ቁልፍ ማውጣት ይቆማል፤ መንስኤው ሰላይም ይሁን የተበላሸ ማስተካከያ፣ መሣሪያው አይለይም። ሊንኩ ግን ወዲያው ከመንገድ መረጣ አይውጣ፤ የተጠራቀመው ቁልፍ ደህና ነው፣ ወለሉ እስኪደርስ ያገለግላል።

የራውቲንግ ቡድን፦ አንድ ቀረ። ሁለቱ ጫፎች በአንድ ቅጽበት ያንኑ ቁልፍ ለሁለት ሥራ ሊያነሡት ይችላሉ። ክምችቱን በአቅጣጫ እንክፈለው፦ ግማሹ ከሀ ወደ ለ፣ ግማሹ ከለ ወደ ሀ። ትራፊኩ ወደ አንድ ወገን ካደላ ድርሻው ይስተካከላል።

አስተባባሪ፦ ሁሉንም አስገብቻለሁ። የወለሉ መጠን ባዶ ነው፤ የደህንነት ቡድን፣ ለአንድ ዙር ማረጋገጫ ስንት ቢት እንደሚወጣ አስልታችሁ ላኩልን፣ የአሥር ዙሩን እናስቀምጣለን።