ለዚህ ሐውልት «ተቀምጧል» ልበል ወይስ «ተቀምጣለች»?

ካሜራ ያዥ (ጠያቂ)፦ ዋሽንግተን፣ ሮክ ክሪክ መቃብር ውስጥ ያለውን የአዳምስ ሐውልት ፎቶ አንስቼ በአማርኛ መግለጫ እየጻፍኩለት ነው። ከራሱ እስከ እግሩ የተከናነበ የነሐስ ሰው ነው። ይኸው፣ «ነው» አልኩ! ፊቱ ግን የወንድም የሴትም ይመስላል። ስሜቱም አልለይ ብሎኛል፤ ዐይኖቹ ሊከደኑ ምንም አልቀራቸውም፣ ቀኝ እጁ ከጨርቁ ወጥቶ ወደ አገጩ ተጠግቷል፣ እንባ ግን የለም። ሰዉ «ሐዘን» ይለዋል። እኔስ ምን ልበለው? ማተሚያ ቤቱ ሐሙስ ይፈልገዋል።

ተርጓሚዋ፦ ወንድሜ፣ «ሐዘን» አትበለው። አሜሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ሄንሪ አዳምስ ያሠራው ባለቤቱ ክሎቨር እ.ኤ.አ. በ1885 ራሷን ካጠፋች በኋላ ነው፤ ሆኖም ያንን ስም አይወደውም ነበር፤ በመቃብሩ ላይም ምንም ጽሑፍ አላስቀረጸም። ቀራጺው ኦገስተስ ሴንት ጎደንስ የሰጠው ስም ረጅም ነው፤ የወዲያኛውን ዓለም ምስጢር ከእግዚአብሔር ሰላም ጋር ያጣምራል። ሁለተኛውን ክፍል ለመተርጎም አትድከም፤ ፊልጵስዩስ 4፥7 ላይ «አእምሮንም ሁሉ የሚያልፍ» የሚለው አለልህ።

የሰዋስው ወዳጅ፦ ለጾታው መላ አለው፤ አንቱ በለው። «ተቀምጠዋል፣ ተከናንበዋል» ስትል ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅብህም።

ነሐስ አፍሳሽ፦ አንቱታው ያስረጀዋል፤ ያ ፊት ደግሞ ዕድሜ የለውም። ቀራጺው ወንዶችንም ሴቶችንም ሞዴል አድርጎ የሠራው አውቆ ነው፤ አዳምስም ሴት ናት ሲሉት አይቀበልም ነበር። «ምስሉ» የሚለውን ባለቤት አድርገው፤ ያኔ ግሱ የሚከተለው ነሐሱን ነው፣ ሰውን አይደለም። ደግሞ ነጠላ የለበሰ እንዳትል። የእኛ ነጠላ ከተዘቀዘቀ ለቅሶ መሆኑ ከሩቅ ይታወቃል፤ የዚህ ጨርቅ ግን ጥለት እንኳ የለው፣ ምኑን አይተን እንፍረድ?

ተርጓሚዋ፦ በስንት ሰዓት ነው ያነሳኸው? በቀትር ከሆነ የመከናነቢያው ጥላ ዐይኖቹን ይውጣቸውና ፊቱ ይጨልማል። ሐዘን የመሰለህ ጥላው እንዳይሆን።

ካሜራ ያዥ፦ በቀትር ነበር! እህቴ፣ ነገ በማለዳ እመለሳለሁ። እስከዚያው የጻፍኩት ይኸውና፦ «የተከናነበ ምስል፤ ነሐስ፤ እ.ኤ.አ. 1891። ቀራጺው ሰላም ብሎታል፣ ጎብኚው ሐዘን።»

ነሐስ አፍሳሽ፦ «ምስጢር» የሚለውን ረሳኸው።